ዕድራችን ለሞተ እንጂ ላረጀ አይሆንም ተባልኩ፤ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ወፍጮ ቤቱ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ትንሽ ረዘም ይልብኛልና ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት አለኝ። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነው። ሌላ ሰው እንቢ ስላለ ነው የያዝኩት፤ ምስጋናም የለው።

ነገሩ የጀመረው ከወፍጮው ነው። ድሮ እህል ይዞ የሚመጣው ልጅ ነበር። አሁን እናቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚመጡት። አንዲት ጎረቤታችን አሉ፤ ሰባ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም። በፊት ሃያ ኪሎ ገብስ ባንዴ ነበር የሚያስፈጩት። አሁን አራት ኪሎ በፌስታል ያመጣሉ። ሐሙስ አራት፣ ሰኞ ደግሞ አራት። እኔ ኑሮ ከብዷቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ፌስታሉን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «እትዬ፣ ለምን ባንዴ አያመጡትም?» አልኳቸው። «ገብሱማ ቤት በጆንያ ተቀምጧል፤ እኔ ነኝ ያነስኩት» አሉኝ። ሦስት ልጆች አሏቸው። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ያን ማታ የዕድሩን መዝገብ ገለጥኩ። ዕድራችን የተቋቋመው በ1974 ነው። መሥራቾቹ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ያኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆናቸው ጎረምሶች ነበሩ። በአንድ ዘመን ገቡ፣ በአንድ ዘመን አረጁ። ዛሬ 96 አባላት አለን። በጣቴ ብቆጥር 51ዱ ከ60 በላይ ናቸው። ባለፉት ሦስት ዓመታት የገባው አዲስ አባል ሁለት ሰው ነው። አንደኛው እኔ እጁን ይዤ ያስገባሁት አማቼ ነው። ወጣቱ ተከራይ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። የሚከፍለው እየቀነሰ፣ የሚከፈልለት እየበዛ ነው። ዕድሩ ራሱ አርጅቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። ታኅሣሥ ላይ ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አባት፣ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ መሬት ላይ ሁለት ሌሊት አደሩ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ ነው የሚገኘው። ያገኛቸው ወተት የሚያመላልስ ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት ቆይተው ዐረፉ። ጡሩንባ ተነፋ። ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ተተከለ። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ የምስር ወጡ፣ ቀብር አስፈጻሚው፣ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። እኔ መዝገቤን ይዤ የቀረ ሰው ስቆጥር ነበር፤ ለቅጣት። አንድም የቀረ የለም። ያኔ ነው ያመመኝ። ይሄ ሁሉ ሰው በሩን ያውቀዋል። ሁለት ሌሊት ግን አንድ ሰው አላንኳኳም።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ከወር መዋጯችን 10 10 ብር ለቁም ሽማግሌ እንመድብ» አልኩ። የዕድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ነው። ሳይነፋ የሚበላ ዕድር አላየሁም» አሉ። አንዱ ደግሞ ከኋላ «እንግዲያው ሁላችንም አሞናል ብለን እንተኛ» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። በዚያው ተበተነ።

እናንተ ጋ ላረጀ ሰው የሚሆን ነገር የሠራ ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ አለ? ደንቡ ላይ እንዴት ተጻፈ? ከብሩ ሌላስ ምን ያስፈልጋል? እኔ ሳስበው እኛ ራሳችን ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ያው ነን።

ሲስተር (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ ያባትየውን ነገር ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ብሩን ለጊዜው ተወውና ሽማግሌ ምን እንደሚጥለው ልንገርህ።

ሌሊት ሽንት ነው የሚጥለው። ሽንት ቤቱ ውጪ ነው። መብራት የለም። ድንጋዩ ላይ ውርጭ ተኝቶበታል። እኔ ጋ ከሚመጡት ስብራቶች ስንቶቹ ሌሊት በራቸው ላይ የወደቁ ናቸው! አንድ የፕላስቲክ ፖፖ ከአልጋ ሥር ብታስቀምጥ ዳሌ ታተርፋለህ። ይሄን ስናገር ይስቁብኛል። አባቶች በተለይ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ይላሉ። ለሚስቶቻቸው ነው የምሰጠው።

ሁለተኛው የግፊት መድኃኒት ነው። ከአልጋ ድንገት ሲነሱ ግፊቱ ወርዶ ያዞራቸዋል። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይነሡ። ይሄ ምንም ብር አያስወጣም። ደግሞ «ተሻለኝ» ብለው ያቋርጡታል። ግፊት እኮ ሲያምም አይታወቅም። አንዲት እናት የራሳቸውን የግፊት ክኒን (አምሎዲፒን) ለጎረቤታቸው ለራስ ምታት ሲያካፍሉ አግኝቻለሁ። እንደ ጨው!

ዓይንም አለ። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው፣ ዓይኔ ፈዘዘ» ብሎ ይቀመጣል። ብዙው ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ዓይን ብቻ ደንዝዞ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ትራኮማ ያለበት አገር ስለሆንን የዓይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ዓይናቸውን የሚወጋቸውም አሉ። እሱም ይስተካከላል። ሳይታከም የቆየ ዓይን ግን አይመለስም። ለዓይን ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ማነው ከአልጋው አንስቶ የሚወስዳቸው? እዚህ ላይ ነው ዕድርህ የሚያስፈልገው።

ሌላው ከሰል ነው። እናንተ ጋ ብርዱ ስለሚጠና በር ዘግተው፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፈው፣ ምድጃ አጠገብ ይተኛሉ። ጭሱ ሲጠፋ የቀለለ ይመስላቸዋል። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው። ከመተኛታቸው በፊት ምድጃው ይውጣ፤ ብርድ ልብስ ይደረብ።

አንድ የሚያስቆጨኝን ልናገርና ላብቃ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ሲጀመር በዋናነት እናትና ሕፃን ታስቦ ነው። ጥሩ ሠርቷል፤ ልጆቻችን እንደ ድሮው አይሞቱም። ዕድሜያችንም የረዘመው አንዱ በሱ ነው። ግን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑን ልትከትብ የገባችበት ቤት ጥግ ላይ አያት ተቀምጠዋል። ቅጿ ላይ ለሳቸው የሚሞላ ቦታ ብዙ የለም። ግፊት መለኪያ ይዛ ብትገባ በአንድ መንገድ ሁለት ሥራ ነበር።

የጤና መድኅን እድሳት ሲታወጅም አትዘናጉ። እድሳቱ ካለፈ ደብተሩ ወረቀት ነው። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል፤ ስማቸው ግን ቀበሌው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ብቻቸውን የሚኖሩት ደግሞ ስብሰባ ስለማይወጡ ይዘለላሉ። ሆስፒታል ሲኬድም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ነው። ያለዚያ ከኪስ ነው።

ቆለኛው (ሸዋ ሮቢት)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልገባኝም። ልጅ ለምን ተወለደ? «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀው ለምንድን ነው? ሕጉም እኮ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ ይስጥ ይላል። አሁን ዕድር ጧሪ ከሆነ ልጆቹ ጭራሽ ይረሷቸዋል። ወፍጮ ቤቱ፣ ለሴትዮዋ ልጆች ደውልላቸው።

የሞላሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ቆለኛው፣ የምትለው ልጅ እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ልመልስልህ።

እናቴ መንዝ ማማ ናት። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ፤ አንድ ወር ዘልዬ አላውቅም። ኩራቴም እሱ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ብሩ ስልኳ ውስጥ ተከማችቶ አገኘሁት። የሚስጥር ቁጥሩን ታውቀዋለች፣ ቁልፉን ግን አታየውም። የጎረቤት ልጅ ነበር የሚያወጣላት። እሱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሊሠራ ሄደ። በቃ። አንድ ልጅ ሲሄድ የእናቴ ባንክ ተዘጋ።

ብር ልኬ ውሃ ማን ይቀዳላታል? ምንጩ ቁልቁል ነው፤ መመለሻው ዳገት። እሷ አሁን በሦስት ሊትር ጀሪካን ነው የምትቀዳው፤ ልክ እንደ ሴትዮዋ ገብስ። መሬቱን ለጎረቤት በእኩል ሰጥታለች። አራሹ ጎረቤት ስንት ዓመቱ ይመስልሃል? 63። ሁለት ልጆቹ አረብ አገር ናቸው። እሱ ሲደክም ማን እንደሚያርስ አላውቅም። መሬት በአማራ ክልል ሕግ ለጧሪ ሊናዘዝ ወይም በስጦታ ሊሰጥ ይችላል። እናቴ ይህን ስታነሣ «ስጡኝ የሚል ጧሪ ሲገኝ ነዋ!» ትላለች።

አዲስ አበባ እንዳመጣት ትለኝ ይሆናል። አመጣኋት። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሃያ ቀን ተቀመጠች። ጠዋት ተነሥታ መስኮት ላይ ትቆማለች። በግ የለ፣ እንዝርት የለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በታክሲ። እዚያ ሱፍ ትፈትላለች፤ የምትፈትለው ለዝተት ይሆናል ብላ ነው እንጂ ማን እንደሚሠራው እንጃ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ሃያ ቀን አይቀመጥም» አለችኝና ሄደች።

መንገድ ሲዘጋና ኔትዎርክ ሲጠፋ ደግሞ አለ። ስንት ሳምንት ድምፅዋን ሳልሰማ ቆይቻለሁ። ያኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። በሩን አንኳኩቶ «አለች» የሚለኝ። ለዚያ የፈለጋችሁትን መዋጮ እከፍላለሁ፤ ከዚህ ሆኜ።

ቆለኛው (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ አንተን አላልኩም። እግዜር ይስጥህ፣ ይቅርታ።

ጡረተኛው መምህር (መሐል ሜዳ)

እኔ 68 ዓመቴ ነው። የምታወሩት ስለ እኔ ስለሆነ ብገባ ቅር አይላችሁም።

መጀመሪያ ለጸሐፊው። የዕድር ዳኛው ልክ ናቸው። አትቆጣኝ። የቀብሩን ገንዘብ ከነካህ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚቃወሙህ። ሽማግሌ የሚፈራው ረኀብን አይደለም፤ ያለ ድንኳን መቀበርን ነው። እኛ ሰፈር የተደረገው ሌላ ሳጥን ነው። ዕድሩ አንድ፣ ሳጥኑ ሌላ፤ ገንዘብ ያዡም ሌላ ሰው። በፈቃድ ይገባል፣ በፈቃድ ይወጣል። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ነው የጨመርነው፦ ሳጥኑ ባዶ ቢሆን ከዕድሩ ካዝና አይበደርም። ይህች መስመር ባትኖር አያልፍም ነበር።

ጡረታ አለ ትላላችሁ። ለማን? እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ አለኝ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ በ60 ዓመቱ ይወጣል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ የገባው በ2003 ነው። እኔ ብሞት ለባለቤቴ የሚተርፋት የጡረታዬ ግማሽ ነው። ኑሮው ግን ግማሽ አይሆንም፤ ከሰሉ ያው፣ ኪራዩ ያው። ስልሳ ዓመት ያረሰው የመንዝ ገበሬ ደግሞ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም። ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ) ባለበት ቀበሌ መሥራት የማይችል አረጋዊ ያለ ሥራ ድጋፍ ያገኛል፤ ከ1997 ጀምሮ አለ። ጥሩ ነው። ግን ድህነትን አይቶ ነው የሚሰጠው፤ ዕድሜን አይቶ አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ተብሏል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ለዓመታት ሳስተምራት ኖሬያለሁ። ከመቶ 5 ገደማ ነን፣ ከ60 በላይ ያለነው። ትንሽ ይመስላል። ከመቶ ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ውስጥ ግን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሽማግሌ ነው። አገሩ የወጣት አገር ነው እየተባለ ሁሉም ነገር ለወጣት ይታቀዳል። እኛም ወጣት በነበርን ጊዜ እንደዚያው ይባል ነበር።

የአረጋውያን ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። ከግሸን ማርያም ጋር ስለሚገጥም እኛ ጋ ማንም አያስታውሰውም። እኔም የምሄደው ግሸን ነው።

ለፋይዳ መታወቂያ ልንመዘገብ ሄደን ደግሞ የባለቤቴ ጣት አልነበብ አለ። አሻራዋ በእንዝርትና በጭቃ አልቋል። ወጣቱ በአልኮል ጠረገው፣ እንደገና አስጫናት፣ እንደገና። «እማማ፣ ጠበቅ አድርጊ» ይላታል። ሃምሳ ዓመት ጠበቅ አድርጋ ነው እኮ ያለቀው! ሁለት ቀን ተመላለስን። በመጨረሻ ዓይኗንና ፊቷን አንሥቶ አስገባት። ልጁ ደግ ነው፤ አልሰደበንም። ግን ወንበር አልነበረም። ስድስት ሰዓት ቆመን ዋልን። ለእርጅና ዝግጅት ማለት ምንድን ነው ብትሉኝ አንድ አግዳሚ ወንበር እላችኋለሁ።

ደግሞ መንዞች ሆይ፣ የጓሳን የሣር ሜዳ አስቡ። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሣር ለመጠበቅ ሥርዓት አበጁ። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ጠባቂ ይመደባል፣ የሰረቀ ይቀጣል። ለሣር ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለአያቱ ተራ ማውጣት ያቅተዋል? (ያቅተዋል። ሣሩ ይታጨዳላ፤ እኛ ምን እንታጨዳለን።)

ወፍጮ ቤቱ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ፤ የወፍጮው ሞተር ተቃጥሎ ነበር።

የሆነውን ልንገራችሁ። 10 ብሩ እንደገና ወደቀ። ጋሽ መምህር እንዳሉት የተቃወሙት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። አራት ኪሎ ገብስ የሚያስፈጩት እናት ሳይቀሩ እጃቸውን ለተቃውሞ አወጡ! ከስብሰባው በኋላ «እትዬ፣ ለርስዎ ብዬ እኮ ነው» ብላቸው፣ «ቀብሬን አትንካብኝ፤ ገብሱን እንደምንም እሸከመዋለሁ» አሉኝ።

ሳጥኑን አነሣሁ። «እሱስ ይታያል» ተባለ። ባገራችን «ይታያል» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ሲስተር የጻፍሽውን አነበብኩላቸው። የፖፖው ላይ ሳቁ፤ የከሰሉ ላይ ዝም አሉ። አንዱ በከሰል የሞተ ዘመድ ነበረው። የሞላሌውን ልጅ ጽሑፍ ሳነብ ደግሞ የዕድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። የሳቸውም ልጅ አሜሪካ ነው። «በር ማንኳኳት ገንዘብ አይፈጅም» አሉ። በር ለማንኳኳት ግን ማን ይሂድ? ሁሉም ሥራ አለው።

በመጨረሻ ጡሩንባ ነፊያችን ተመረጠ። በር ሁሉ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ድሮም እየተከፈለው ነው የሚዞረው። ብቻቸውን የሚኖሩ 14 ቤቶች ጻፍንለት። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ይዞራል። ያንኳኳል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ያልፋል። መድኃኒት ያለቀበት ካለ ለኔ ይነግረኛል። እኔ ለአማቼ እነግረዋለሁ፤ እሱ ባጃጅ አለው። የጤና መድኅኑን ደብተርም ሰበሰብኩ። ከ14ቱ ስድስቱ አልታደሰም፤ አንደኛውማ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው።

የመጀመሪያው ረቡዕ ግን ጉድ ነበር። ሰውዬው ከልማዱ ጡሩንባውን አንግቶ ወጣ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት እናት በር ያንኳኳል። እሳቸው ከፍተው ሲያዩት «ወይኔ! ማን ሞተብኝ?» ብለው ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ጎረቤት ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣም ነበር። ሦስት ቤት ላይ ይሄው ሆነ። አሁን ጡሩንባውን ቤቱ ትቶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚዞረው። አሁንም ግን ሲያንኳኳ «ሰላም ነው! ማንም አልሞተም!» እያለ ነው።

የገብሱን ነገር እኔው ጨረስኩት። ሐሙስ ሐሙስ ጋሪ ልኬ ጆንያውን አስመጣለሁ፤ ፈጭቼ እመልሳለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሒሳብ አልቀበልም ብዬ ተጣላን። ከፈሉ። ከዚያ ለባለ ጋሪው አንድ ጣሳ ቆሎ ሰጡት። ለኔ ደግሞ መልእክት ላኩብኝ፦ ዱቄቱ ወፍራም ነው፣ ድሮ በራሴ ፊት ሳስፈጨው እንዲህ አልነበረም።

ጋሽ መምህር፣ ያችን የሳጥን አንቀጽ ቃል በቃል ቢልኩልኝ። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንድትደርስልኝ።